ሕመሙ ወዴት ሄደ? የዲስክ ችግርና የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ

«ዲስክ ነው አሉኝ» የሚለው ንግግር በከተሞቻችን እንደ ጨጓራና እንደ ደም ግፊት የቤት ወሬ ከሆነ ቆይቷል። ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የኤምአርአይ ፊልም የያዘ ትልቅ ፖስታ በእጁ አለ፤ ከፊልሙ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይም «ኤል4–ኤል5» ወይም «ኤል5–ኤስ1» የሚል ምልክት ሰፍሯል፤ ትርጉሙን በቅጡ ያስረዳው ሰው ግን ላይኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንደኛው «ጠንካራ ፍራሽ ላይ ተኛ፣ አትነቃነቅ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ዘመድ በቴሌግራም የላከለት «ዲስክን የሚያድኑ አምስት እንቅስቃሴዎች» የሚል ቪዲዮ ነው። ምክሮቹ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ የሚጋሩት ስሕተት አለ፤ ሁለቱም የበሽታውን ስም ሰምተው ይፈርዳሉ፣ የታማሚውን ሰውነት ግን አይጠይቁም። ለዲስክ ችግር የሚጠቅመው እንቅስቃሴ የሚመረጠው ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስም አይደለም፤ ሕመሙ ለእንቅስቃሴው በሚሰጠው መልስ ነው። ይህን የሚያውቅ ታማሚ ቪዲዮውን ሁሉ ከመሞከርም፣ ፈርቶ ከመተኛትም ይድናል።

በመጀመሪያ ቃሉን ማስተካከል ይገባል፤ ቃሉ ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷልና። «ዲስኬ ተንሸራተተ» የሚል ሰው በሐሳቡ የሚስለው ከቦታው የወጣን ነገር ነው፤ ከቦታው የወጣ ነገር ደግሞ የሚመልሰው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጀርባውን የሚረግጥለት፣ ወገቡን ጠምዝዞ «ቀጭ» የሚያደርግለት ሰው ያፈላልጋል፤ ድምፁን ሲሰማም ዲስኩ ተመለሰ ብሎ ያምናል። ወጌሻዎቻችን የዞረ ቁርጭምጭሚትና የወለቀ ትከሻ በማየት የካበተ ልምድ እንዳላቸው የሚካድ አይደለም። ዲስክ ግን እንደ ትከሻ የሚወልቅ መገጣጠሚያ አይደለም፤ ከላይና ከታች ካሉት አከርካሪ አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተጣበቀ በመሆኑ ከቦታው አይንሸራተትም። የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ሽፋኑ ይሰነጠቅና በውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወደ ውጭ ይገፋል።

ከአንገት እስከ ወገብ ባሉት አከርካሪዎች መካከል 23 ዲስኮች አሉ። የዲስክ ውጫዊ ክፍል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በድርብርብ የተጠቀለለ ጠንካራ ቀለበት ሲሆን፣ መካከሉ በወጣትነት ዘመን አብዛኛው ውሃ የሆነ ዝልግልግ ነገር ነው። ለብዙ ዓመት ጎንበስ ብሎ መሥራት፣ ተጣምሞ ማንሳት፣ በንዝረት ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ ሲጋራ፣ ዕድሜና በዘር የሚወረስ ተፈጥሮ ተደማምረው ቀለበቱን ያደክሙታል፤ የሚሰነጠቀውም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል ወደ ጎን ባለው ሥፍራ ነው፤ እዚያው አጠገብ ደግሞ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ያልፋል። ከወገብ ዲስክ መውጣት ችግሮች ከመቶ ዘጠናው በላይ የሚደርሱት በታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ኤል4–ኤል5» እና «ኤል5–ኤስ1» የሚባሉትም እነዚሁ ናቸው። ሰው «ወገቤን ታምሜ እግሬ ለምን ደነዘዘ?» ብሎ የሚገረመው ለዚህ ነው፤ ነርቩ የተነካው ወገብ ላይ ቢሆንም ነርቩ የሚያገለግለው ባትንና የእግር ጣትን በመሆኑ ሕመሙ የሚሰማው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች የእግር ሕመሙን ከተቀደደ ዲስክ ጋር አያይዘው ካሳተሙ በኋላ፣ ነገሩ ለረጅም ዘመን እንደ ቧንቧ ሥራ ሲታይ ኖሯል፤ የወጣው ነገር ነርቭ ይጫናል፣ ተቆርጦ ሲወጣ ሕመሙ ይጠፋል። ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ይሰፋል። ከዲስኩ የወጣው ዝልግልግ በነርቩ ዙሪያ እብጠትና ብግነት ይቀሰቅሳል፤ የሚያቃጥለውና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው ስሜት ከመጫኑ ብቻ ሳይሆን ከዚሁ ብግነት የሚመጣ ነው። በተጨማሪም ብዙ ሰው ዲስኩ ወጥቶ ምንም ሳያመው ይኖራል። ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ፊልሞች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የዲስክ ማበጥ በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት አዛውንቶች ላይ ደግሞ 84 በመቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር የሕመሙ ምክንያት መሆኑ የሚረጋገጠው ታማሚው ከሚናገረውና ባለሙያው በእጁ መርምሮ ከሚያገኘው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። በቀኝ በኩል የወጣ ዲስክ የግራ እግርን ሕመም አይገልጽም።

ለታማሚው ከሁሉ የሚያጽናናው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው እውነት ደግሞ ይህ ነው፤ ከዲስኩ የወጣው ቁራጭ በራሱ ጊዜ ሊመጠጥ ይችላል። ሰውነት ወደ ውጭ የወጣውን ነገር እንደ ባዕድ ይቆጥረውና የመከላከያ ሴሎቹን ልኮ ቀስ በቀስ ያጸዳዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ግምገማ፣ ሙሉ በሙሉ ተቆርጠው ከወጡት ቁራጮች 96 በመቶ የሚሆኑት በራሳቸው እንደቀነሱ፣ እምብዛም ሳይወጡ ካበጡት ግን የቀነሱት 13 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አግኝቷል። እንግዲህ ሰውነት ፈልጎ የሚያጸዳው በፊልሙ ላይ ከሁሉ የሚያስፈራውን ቁራጭ ነው። እንቅስቃሴ ይህን ቁራጭ «ወደ ቦታው አይመልሰውም»፤ ሰውነት ሥራውን እስኪሠራ ድረስ ሕመሙን ያስታግሣል፣ ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ይጠብቃል፣ ሰውየውንም ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ከዚህ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ማስታወቂያ ሰውን ያታልላል።

«አትነቃነቅ» የሚለው ምክር እንግዲህ ከየት መጣ? በአንድ ወቅት የሕክምናው ትምህርት ራሱ ይህንኑ ይል ስለነበር ነው፤ ታማሚዎች ለሳምንታት ይተኙ ነበር። በኔዘርላንድስ 183 የእግር ነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ከፊሎቹ ለሁለት ሳምንት እንዲተኙ፣ ከፊሎቹም እንደቻሉ እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ ሲታተም፣ መተኛት ምንም ብልጫ አልነበረውም፤ በ12ኛው ሳምንት በሁለቱም ወገን የተሻላቸው 87 በመቶ ነበሩ። ሕመሙ በጠናባቸው የመጀመሪያ አንድ ሁለት ቀናት አረፍ ማለት ተገቢ ነው፤ ከዚያ ያለፈው መተኛት ግን ጡንቻን ያሰንፋል፣ ዲስኩንም ያስርበዋል። የአዋቂ ሰው ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ጭነት ሲመጣበትና ሲቀልለት ፈሳሽ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲመላለስ ነው። መራመድ ለዲስክ የሚበጀው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከማንኛውም እንቅስቃሴ በፊት ግን መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፤ እዚህ ላይ ቸልታ ዕድሜ ልክ ያስከፍላል። ሽንት ለመሽናት የተቸገረ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል ማለትም በሁለቱ ጭኖች መካከልና በመቀመጫ ዙሪያ ያለው ሥፍራ የደነዘዘበት፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ እየደከሙ የመጡ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ያስፈልገዋል፤ የነርቮቹ ጥቅል ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው። በተረከዙ መራመድ ወይም በአንድ እግሩ ጣት መቆም ያቃተው ሰውም፣ ድካሙ እየጨመረ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት። በእኛ አገር አንድ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና ሲያርፉ እንኳ የማይተው የጀርባ ሕመም ካለ፣ ዲስክ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት የአከርካሪ ቲቢ መኖር አለመኖሩ መጣራት ይኖርበታል፤ በቲቢ የተጠቃ አከርካሪ ላይ ወገብን መጠምዘዝና ማስረገጥ አጥንቱን ሊደረምሰው ይችላል።

ከእነዚህ ነጻ የሆነ ሰው እንቅስቃሴውን በምን ይምረጥ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኒውዚላንድ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1956 በዌሊንግተን ከተማ ይሠራ የነበረው ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ፣ ለሦስት ሳምንት ታክሞ ያልተሻለውን አንድ ታማሚ ወደ ውስጥ ገብቶ በሆዱ እንዲተኛ አዘዘው። የአልጋው ራስጌ ከእሱ በፊት ለነበረው ታማሚ ከፍ ተደርጎ እንደነበረ ግን አላስተዋለም። ማኬንዚ ሲመለስ ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ ክፉኛ ተለጥጦ ተኝቶ አገኘው፤ በዘመኑ እንዲህ ዓይነት አቀማመጥ ጎጂ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ደነገጠ። ታማሚው ግን የእግሩ ሕመም ጠፍቶ ወገቡ ላይ ብቻ እንደቀረ፣ በሳምንታት ውስጥ እንዲህ ተሽሎት እንደማያውቅ ነገረው። ከዚህ አጋጣሚ ተነሥቶ ማኬንዚ ዓመታት የፈጀ ክትትል አደረገ፤ በስሙ የሚጠራው ዘዴም እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ዘዴው ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ወደ ኋላ መለጠጡን ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ የግኝቱ ዋና ነገር ሕመሙ ቦታ መቀየሩ ነበርና።

እንቅስቃሴው በቅርበት ሲታይ እንዲህ ነው። መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ፣ አልጋ ከሆነም በማይሰምጥ ፍራሽ ላይ፣ በሆድ ይተኛል፤ እጆች ከጎን ይዘረጋሉ፣ ፊት ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ምንም ሳያደርጉ መተንፈስ ብቻ ነው። ሕመሙ እግር ላይ ካልጨመረ በክርን ተደግፎ ደረትን ማንሳት ይከተላል፤ አሁንም ሁለት ደቂቃ። ይህም ከተቻለ መዳፎችን ከትከሻ ሥር አስቀምጦ ክንድን ቀስ በቀስ እየዘረጉ የላይኛውን ሰውነት ማንሳት ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ እንደ ፑሽ አፕ መቀመጫውን ያጠብቅና ሰውነቱን እንደ እንጨት ያነሣዋል። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚሠራው ክንድ ብቻ ሲሆን ወገብ፣ ዳሌና እግር ልፍስፍስ ብለው ወደ ምንጣፉ መውደቅ አለባቸው። ጫፍ ላይ ሲደረስ አየርን «እፎይ» ብሎ ማውጣት ወገቡ እንዲረግብ ይረዳል። አንድ ሴኮንድ ቆይቶ መውረድ፣ 10 ጊዜ መደጋገም፣ ይህንንም በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ማድረግ የተለመደው መጠን ነው። በቀን አንድ ጊዜ 60 ማድረግ በቀን ስድስት ጊዜ 10 ከማድረግ ጋር እኩል አይደለም፤ ዋናው መደጋገሙ ነው።

ከእያንዳንዱ ዙር በፊትና በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ «አመመኝ ወይ?» ሳይሆን «ሕመሙ ወዴት ሄደ?» የሚል ነው። ከመጀመሪያው በፊት ሕመሙ እስከ ባት ይወርድ የነበረ ሰው ከ10 ድግግሞሽ በኋላ እስከ ጉልበት ብቻ ከቀረ፣ በማግስቱ ደግሞ መቀመጫው ላይ ከተሰበሰበ፣ እንቅስቃሴው የእሱ ነው። በዚህ ጊዜ ወገቡ ላይ ያለው ሕመም ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ሰው ደንግጦ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ማቆም ግን የለበትም። ሕመም ከእግር ወደ ወገብ ሲሰበሰብ ጥሩ ተስፋ እንዳለው ተደጋግሞ ታይቷል። በተቃራኒው የወገቡ ሕመም ቀንሶ የእግሩ ከጨመረ፣ ቀድሞ ያልደነዘዘ ጣት መደንዘዝ ከጀመረ፣ ወገብ ቢቀለውም እንቅስቃሴው አይስማማውም፤ ወዲያው ያቁም። የየዕለቱን ነገር በደብተር መጻፍ፣ «ጧት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ማታ እስከ ጭን» እያሉ ማስመዝገብ፣ ከማንኛውም ፊልም ይልቅ ለባለሙያው ይናገራል።

ይህ ማለት ወደ ኋላ መለጠጥ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ሲቆም ወገቡ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ይታያል፤ ይህን ሰው በቀጥታ በሆድ አስተኝቶ ማስለጠጥ ሕመሙን ያባብሰዋል፤ በመጀመሪያ ግድግዳ ጎን ቆሞ፣ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ዳሌውን ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው በመግፋት መቃናት አለበት፤ የትኛው ትከሻ ግድግዳው ላይ እንደሚሆን ባለሙያ አይቶ ቢያሳየው ይመረጣል። ሌላው ደግሞ በዕድሜ የገፉ፣ የነርቭ መተላለፊያቸው የጠበበ ሰዎች ጉዳይ ነው። እኚህ ሰው ሲቆሙና ሲራመዱ እግራቸው ይደነዝዛል፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲሉ ወይም ከዘራ ላይ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ይተዋቸዋል። ወደ ኋላ መለጠጥ ለእሳቸው መተላለፊያውን ይበልጥ ያጠበዋል፤ የሚስማማቸው በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ ነው። እንግዲህ አባትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም «ዲስክ ነው» ተብለው፣ ለልጁ የሚጠቅመው አባቱን ሊጎዳ፣ ለአባቱ የሚጠቅመውም የልጁን እግር ሊያደነዝዝ ይችላል። አምስት እንቅስቃሴ የደረደረው ቪዲዮ ይህን ልዩነት ሊያውቅ አይችልም።

ከጎጂዎቹ ሁሉ በብዛት የሚታየው ስሕተት እግርን ዘርግቶ ጣትን ለመንካት መሞከር ነው። የዲስክ ሕመም ያለበት ሰው የጭኑ ኋላ ክፍል እንደ ገመድ ስለሚወጠር፣ ጡንቻ የተሳሰረ መስሎት በየጧቱ ጎንበስ እያለ ይስበዋል። ብዙ ጊዜ የተወጠረው ግን ጡንቻ አይደለም፤ የተቆጣ ነርቭ ነው። ሐኪሙ በጀርባ አስተኝቶ ቀጥ ያለ እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ይህንኑ ነርቭ ስቦ ለመመርመር ነው፤ ታማሚው በየጧቱ የሚያደርገው መሳሳብ ያንን ምርመራ በራሱ ላይ ሃያ ጊዜ እንደ መደጋገም ይቆጠራል። ነርቭ መሳብን አይወድም፣ መንሸራተትን ግን ይወዳል። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ጉልበትን ሲዘረጉ አንገትን ወደ ላይ ማንሣት፣ ጉልበትን ሲያጥፉ አንገትን መድፋት፣ ነርቩ ከአንድ ጫፍ ሲለቀቅ ከሌላው እየተሳበ በሽፋኑ ውስጥ እንዲመላለስ ያደርገዋል። በዝግታ፣ ሕመም ከመጀመሩ በፊት እየቆሙ፣ 10 ጊዜ ያህል በቂ ነው፤ ይህም ቢሆን የመጀመሪያው ቁጣ ከበረደ በኋላ የሚጀመር ነው።

የእግሩ ሕመም ሲሰበሰብ የጥንካሬ ሥራ ተራ ይመጣል። ሆድን ለማጠንከር ተብሎ ተኝቶ መነሣት፣ ማለትም ሲት አፕ፣ ለዚህ ጊዜ አይሆንም፤ ዲስኩን ደጋግሞ እያጠፈ ይጨምቀዋል። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የወገብን አሠራር ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ስቱዋርት ማክጊል የሚመክሯቸው ወገብን ሳያጥፉ ጡንቻውን የሚያሠሩ እንቅስቃሴዎች ናቸው። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን በአንድ ጊዜ መዘርጋት፣ ከዚያም መቀያየር፤ በጎን ተኝቶ በክርንና በጉልበት ተደግፎ ዳሌን ከመሬት ማንሣት፤ እንዲሁም በጀርባ ተኝቶ አንድ ጉልበት ታጥፎ፣ መዳፍ ከወገብ ሥር ገብቶ፣ ጭንቅላትንና ትከሻን ከመሬት ጥቂት ብቻ ማንሣት። እያንዳንዱ ከ10 ሴኮንድ አይበልጥም። የመጀመሪያውን ሲያደርጉ በወገብ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ እንዳለ አስቦ እንዳይፈስ መጠንቀቅ ነው፤ እግር በጣም ከፍ ሲል ወገብ ይሰበራል፣ ብርጭቆውም ይደፋል። የትኛው ዓይነት እንቅስቃሴ ከየትኛው እንደሚበልጥ ሲነጻጸር ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ እኔ ከዚህ የምረዳው ሰውየው ለሦስት ወር ሳያቋርጥ የሚሠራው እንቅስቃሴ ፍጹም ሆኖ በሁለተኛው ሳምንት ከሚተወው እንደሚሻል ነው።

እንቅስቃሴው በቀን አንድ ሰዓት ቢወስድ የቀሩት ሰዓታት ምን ላይ እንደሚውሉ ካልታሰበበት ልፋቱ ከንቱ ነው። ሌሊት ተኝተን ስናድር ዲስክ ውሃ መጦ ያብጣል፤ ጧት ስንነሣ፣ ማታ ከነበርንበት በቁመት ጥቂት የምንረዝመው በዚህ ነው። ስለዚህ ከእንቅልፍ በተነሡበት የመጀመሪያው ሰዓት ጎንበስ ማለት ዲስኩን ከቀኑ ይልቅ ያስጨንቀዋል። ጫማ ማሠር፣ ፊት ለመታጠብ ጎንበስ ማለት፣ ቤት መጥረግ ለጊዜው ዘግየት ሊሉ ይችላሉ። በጀርመን አንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስኩ ውስጥ የግፊት መለኪያ ተተክሎለት እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ውጤት፣ ምንም እንኳ የአንድ ሰው ቢሆን፣ ብዙ ያስተምራል። ቆሞ ሳለ 0.5 ሜጋፓስካል የነበረው ግፊት 20 ኪሎ ዕቃ ወገቡን አጉብጦ ሲያነሣ ወደ 2.3 ከፍ አለ፤ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሣ 1.7፣ ያንኑ ዕቃ ከደረቱ አስጠግቶ ሲይዝ ደግሞ 1.1 ሆነ። ሃያ ኪሎ ማለት ቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሞልታ ማለት ነው። ጄሪካኑን ሰውነት ላይ ማስጠጋት ብቻውን ይህን ያህል ልዩነት ካመጣ፣ መሬት ላይ ባለ ምድጃ ጎንበስ ብላ ለሁለት ሰዓት እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዷን ወገቧ ድረስ ከፍ ማድረጓ ከብዙ ኪኒን ይበልጣል። ሹፌርም እንዲሁ ነው፤ ፎጣ ጠቅልሎ ከወገቡ ጀርባ ማድረግና በየ40 ደቂቃው ወርዶ ወገብን ወደ ኋላ አምስት ጊዜ መለጠጥ ወጪ የለውም።

በብዙ ቦታ «ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ» የሚል ሰው ሲጠየቅ የሚገልጸው ሙቀት የሚሰጥ መብራትና የሚነዝር ፕላስተር ነው። ግማሽ ሰዓት በሆዱ ተኝቶ ይወጣል፤ አንድም እንቅስቃሴ ሳይማር 10 ቀን ይመላለሳል። ሙቀት ጡንቻን ያላላል፣ ደስም ይላል፤ ሕክምናው ግን እሱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ ትምህርትንና የተደራጀ የእንቅስቃሴ መርሐ ግብርን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶንና መጎተቻን በመደበኛነት እንዳይሰጡ ከተባሉት ውስጥ አስገብቷቸዋል። ቀበቶ ለጥቂት ቀን ድጋፍ ይሰጣል፤ ለወራት የታሠረ ግን ጡንቻው ሥራውን እንዲረሳ ያደርጋል። ታማሚ ለሚከፍለው ገንዘብ የመጠየቅ መብት አለው፤ «ዛሬ ቤት ሄጄ ስንት ጊዜ ምን ላድርግ? ምን ሲሰማኝስ ላቁም?» የሚለውን ጥያቄ ያልመለሰለት ሕክምና ጎዶሎ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ ፊዚዮቴራፒስቶች ይህን የመመለስ ሙያ አላቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ሰው እንዲያዩ የሚገደዱ ከሆነ ግን ማሽኑ ላይ አስተኝቶ ከማለፍ ሌላ ምርጫ አይቀራቸውም፤ የክሊኒኮቻችን አሠራር መታረም ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ኦፕሬሽንን በተመለከተ ፍርሃቱም ጥድፊያውም ተገቢ አይደሉም። በዚያው በኔዘርላንድስ ጠንካራ የእግር ሕመም ይዟቸው ከስድስት እስከ 12 ሳምንት የቆዩ 283 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት፣ ቶሎ የተቀደዱት ከሕመሙ ፈጥነው እንደተገላገሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው እንደዳኑ አሳይቷል። ያለ ኦፕሬሽን እንዲታገሡ ከተመደቡት ውስጥ 39 በመቶው ሕመሙን መቻል አቅቷቸው በኋላ መቀደዳቸውም መረሳት የለበትም። እግር እየደከመ ካልሄደ ከስድስት ሳምንት ያላነሰ ትክክለኛ እንቅስቃሴ መሞከር ምክንያታዊ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም የቀረበት ሰው ቢቀደድ እንደ ሽንፈት ሊቆጥረው አይገባም። ከኦፕሬሽን በኋላም ቢሆን መራመዱና ጥንካሬው ይጠብቁታል።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ነው። የእግሩ ሕመም ጠፍቷል፣ ወገቡ ረገብ ብሏል፤ ነገር ግን «ከእንግዲህ ጎንበስ አልልም» ብሎ ምሏል። ጎንበስ የማይል ወገብ ደግሞ ይደርቃል፤ ሰውየው ከበሽታው ይልቅ በፍርሃቱ አካል ጉዳተኛ ይሆናል። ሕመሙ ለሁለት ሦስት ሳምንት ሳይመለስ ከቆየ በኋላ መጎንበስ እንደ ማንኛውም እንቅስቃሴ በመጠን መመለስ አለበት፤ በመጀመሪያ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት፣ ቀጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅን ወደ ወለል፣ በመጨረሻም ቆሞ፤ ከእያንዳንዱ በኋላም በሆድ ተኝቶ ጥቂት መለጠጥ። ስግደት ለለመደ ሰውም መንገዱ ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ስግደትን አታስገድድም፣ ሶላትም ተቀምጦ ይሰገዳል፤ በሕመሙ ወራት ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር ተመካክሮ መታቀብ ይገባል። ሲመለስ ደግሞ በአንድ ጉልበት ወርዶ፣ እጅን መሬት አስደግፎ፣ በቀን በሦስት ጀምሮ፣ በማግስቱ ጧት እግሩ ካልተናገረ አንድ ሁለት እየጨመረ ይሂድ። ውሃ የምትቀዳ ሴትም በጄሪካኑ እንዲሁ ታድርግ፤ የመጀመሪያው ሳምንት አምስት ሊትር፣ ከሰውነቷ ተጠግቶ፣ ጉልበቷ ታጥፎ፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ አሥር ሊትር፤ ሃያው ሊትር የሚመጣው ባቷ ላይ ምንም ሳይሰማት አሥሩን ለሁለት ሳምንት ከተሸከመች በኋላ ነው።